የእሜቴ ሳል

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ይህን የተረተው ሰው አሮጌ ማኪና አልነበረውም። አሮጌ ማኪና ያለው ሰው ጆሮ ባዳ መሆኑ ቀርቶ ጨርሶ ቤቱን ለቆ ይወጣና ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሰው ሲያዋራው ሞተር ያዳምጣል፤ ቅዳሴ ቆሞ ሞተር ያዳምጣል፤ ሚስቱ ስትቆጣው እንኳ ነገሩን ትቶ ድምፁ የት ላይ እንደተሰበረ ይመረምራል። ፈረስ ሲታመም ያስታውቃል፤ ገፈራውን መብላት ይተዋል፣ አንገቱን ይደፋል። ማኪና ግን በር ላይ ቆማ ስትታይ ሁልጊዜ ጤነኛ ናት። መታመሟን የምትናገረው ዳገት መሐል ላይ፣ ደመና ሲጠቁር፣ ያውም ሰው ሲያይ ነው። ለምን እንደዚህ እንደምታደርግ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እኔ እስካሁን አልገባኝም።

የኔዪቱን «እሜቴ» ነበር የምላት። ጣልያን ከጎንደር ሲወጣ ጥሎ የሄዳት፣ ከዚያም ሦስት ባል ፈትታ እኔ ዘንድ የደረሰች ባለ አራት ሲሊንደር ናት። የግራ በሯ በጠፍር ይታሰራል፤ ጡሩምባዋ የሚሠራው ሲፈልግ ነው። እሜቴ ማለቴም ያለ ነገር አይደለም። ከፊቷ ቆመህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ የማስነሻ ብረቷን ማኖቬላውን ሦስት ጊዜ ካላዞርክላት አትነሣም፤ ጎረቤት ከሩቅ ሲያይ እጅ የምነሳ ይመስለዋል። እኔስ መቼ እጅ ከመንሳት አርፌ አውቃለሁ? በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ለአለቆች እጅ ስነሳ ውዬ ጠዋትና ማታ ደግሞ ለእሷ። ልዩነቱ አለቆቼ አንዳንድ ጊዜ ቀና ብለው ያዩኝ ነበር።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጃችን እዚሁ ቁስቋም ቤታችን ሲወለድ ምጡ ሁለት ቀን ፈጀና፣ እሷን ማርያም ስትምርልኝ ልጁ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ ልጅ የሚወራው በሹክሹክታ ሆነ። እንደገና ስትፀንስ የሆስፒታሏ ነርስ መረመረቻትና ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ይቺ ሴት ከእንግዲህ ቤት ውስጥ እንዳትወልድ፤ ምጥ እንደጀመራት ይዘሃት ና፤ ካዘገየህ ግን ለሁለቱም እፈራለሁ አለችኝ። «ለሁለቱም» ነው ያለችው። ያቺ አንዲት ቃል ወራት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ከሞተሩ ጋር ስትዞር ከረመች።

ታዲያ ሆስፒታሉ ያለው ጎንደር፣ ቤታችን ያለው ጎንደር፤ ምን ቸገረህ ትሉኝ ይሆናል። አማት የላችሁም ማለት ነው። አማቴ እማማ የሺ የሚኖሩት አምባ ጊዮርጊስ ነው። በእሳቸው ሕግ ሴት ልጅ የምትወልደው እናቷ ቤት ነው፤ አለቀ። የፊተኛው ልጅ የጠፋው እዚያ ባለመወለዱ እንደሆነ በግልጽ ተናግረው አያውቁም። «ያን ጊዜ ወደ እኔ አምጥተሃት ቢሆን...» ይሉና ያቆማሉ። አማት ያልጨረሰችው ነገር ከጨረሰችው ይከብዳል። ነርሷ በአንድ ወገን፣ እማማ የሺ በሌላ ወገን፣ እኔ መሐል ላይ ሆኜ ስንከራተት የታረቅነው በሚስቴ አባት በየኔታ ነው። የኔታ የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመቋሚያና በጸናጽል የጨረሱ፣ ከተናገሩ የማይደግሙ ሰው። «እናቷ ዘንድ ትሰንብት» አሉ። «ምጥ ሲጀምራት በዚያች በማኪናህ ትወርዳለች።» ሁሉም ተስማማ። በዚያ ሸንጎ ሐሳቧን ያልተጠየቀች እሜቴ ብቻ ነበረች።

ሐሳቧን ግን ወዲያው አሳወቀችን። ነሐሴ መጨረሻ ላይ መንገዱን ልሞክር ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲኬድ፣ ኮሶዬን አለፍ እንዳሉ፣ ከየትኛውም ወገን ቢመጡ ዳገት የሆነች አንዲት ጉብታ አለች። እዚያ ስደርስ እሜቴ አንድ ጊዜ ሳል አለች። ከዚያ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ጡ! ጡ! ብላ ሁለቴ ተኮሰችና ቆመች። ገብስ ሲያርሙ የነበሩ ገበሬዎች አረማቸውን ጥለው መጡ፤ ሽፍታ መስሏቸው ኖሯል። ገፍተው ጉብታውን አሻገሩኝ። አንዱ ሲያስናብተኝ «አያ፣ ሸጋ ማኪና ነች፤ ምነው ግን በእግሯ አትሄድ?» አለኝ።

ጎንደር ተመልሼ አያ ደሴ ዘንድ ሄድኩ። አያ ደሴ ሙያቸውን ከጣልያን መካኒኮች ሥር ሆነው ሰርቀው የያዙ ናቸው፤ ሲናደዱ በጣልያንኛ ይራገማሉ፣ ሲጾሙ ግን በአማርኛ። ኮፈኑን ከፍተው፣ ካርቡራቶሩን ፈተው፣ ቤንዚን የምታልፍባትን የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ በአፋቸው እፍ አሉባት። የበርሜል ዝገት ወጣ። «በሽታዋ ይሄ ነው» አሉኝ። «የዚህ አገር ቤንዚን ከነበርሜሉ ነው የሚቀዳው። ከእንግዲህ ሳታጠልል እንዳታጠጣት።»

ይህን ለእማማ የሺ ሳጫውታቸው ፊታቸው በራ። ስለ ማኪና የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ስለ ማጥለል ግን በወገራ የሚስተካከላቸው የለም። ጠላቸው መልክ ያሳያል። በዚያ ላይ ፈታይ ናቸው፤ እሳቸው የፈተሉት ጥጥ እየተባለ በገበያ ይማልበታል። ወደ ጓዳ ገብተው ገና ውሃ ያልነካው፣ ከሸማኔ እጅ የወጣ፣ ለስላሳ የፈትል ጨርቅ ቆርጠው አመጡልኝ። «ለልጄ መንገድ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ለማን ላስቀምጠው?» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ተቀበልኩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጃቸው ቆጠሩኝ፤ ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቃችሁ።

ከዚያ በኋላ የእኔን ያህል ቤንዚን ያጠለለ ሰው በበጌምድር ይኖራል ብዬ አላምንም። ከጣሳ ወደ ጣሳ አንድ ጊዜ፣ ለጥርጣሬ ሁለተኛ፣ ለነርሷ ቃል ሦስተኛ። የእማማ የሺን ፈትል በታንከሯ አፍ ላይ አስሬ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ሲል ቁጭ ብዬ አያለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ ጠርጥሬ፣ ተጠንቅቄ፣ አጣርቼ ጨረስኩ። እሜቴ ዐሥራ አምስት ቀን ያህል እንደ ልጃገረድ ነጎደች። በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ሳለች።

 ወደ አያ ደሴ ሮጥኩ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣ ቤንዚኑን ታጠልላለህ ወይ የሚል ነበር። ሦስት ጊዜ! አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «እንግዲያ ቤንዚን አይደለም» አሉና ያን በር ዘጉት። ወዳጆቼ፣ ስንቱ በሽተኛ የሚሞተው በዚህች «እንግዲያ» ነው! ከዚያ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ለወጡ። ዳነች፤ ደግሞ ሳለች። ሽቦ ለወጡ። ዳነች፤ ደግሞ ሳለች። በመጨረሻ የወገራ ብርድ መቷታል፣ የደጋ አየር ለሳንባዋ ቀጥኖባታል እስከ ማለት ደረሱ። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ዓይን ነው አለኝ። እኔም ምንም አልቀረኝ፤ የማንን ዓይን እንደምጠረጥር በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። የሚገርመው አያ ደሴ የሚለውጡትን ከለወጡ በኋላ ለወጉ ያህል ካርቡራቶሯን እፍ ይሉባት ነበር፤ የሚያድናት እሱ ኖሮ፣ ምስጋናውን ግን ካንዴላው ይወስድ ነበር። ይህን ያኔ ማን አወቀ?

በዚህ መሐል የመስከረሙ ውርደት መጣ። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ከቁስቋም ቅዳሴ ተመልሶ ገና ነጠላውን ሳያጥፍ፣ እሜቴን አስነስቼ ከግቢ ላወጣት ስል ተኮሰች። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ቆጥሮት ኖሯል፣ ሰባት ጊዜ። ሰባት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ወንድ ልጅ ነው! ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሰፈሩ ሴቶች እልል እያሉ ገቡ። አንዷ የገንፎ ዱቄት፣ አንዷ ቅቤ ይዛለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያሉ እልፍኝ ሲደርሱ ጥሩወርቅ የአምስት ወር ሆዷን ይዛ ምስር ትለቅማለች። እልልታው መሐል ላይ ቆመ። ሁሉም ወደ ሆዷ፣ ከሆዷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ማኪናዋ አየ። እነሱ ስቀው ሄዱ። እሷ ግን ምስሩን ትታ ተቀመጠች። «ሳይወለድ እልል ተባለለት» አለችኝ። «ያኛው ተወልዶ እንኳ እልል አልተባለለትም።»  ወጥቼ ኮፈኑን ከፈትኩና ሞተሩን እያየሁ ቆሜ ዋልኩ። የማየው ነገር ኖሮኝ አልነበረም፤ እሷን ማየት አቅቶኝ ነው።

ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ፈርቼ አላውቅም። ስተኛ የማየው ያቺን ጉብታ ነው፤ ጥሩወርቅ ከኋላ ወንበር ላይ፣ እሜቴ ቆማ፣ እኔ ማኖቬላ ይዤ። በፈራሁ ቁጥር የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማጥለል። አራተኛ ጊዜም ማጥለል ጀመርኩ።

ኅዳር ስድስት የቁስቋም በዓል ሆነና የኔታ ማኅሌት ሊቆሙ ወደ ጎንደር ወረዱ። በየዓመቱ የሚመጡት በበቅሎ ነው፤ ዘንድሮ በቅሏቸው አንክሳ በአውቶቡስ መጡ። በማግስቱ እኔ ላድርስዎ አልኳቸው። ልመናዬ ከአክብሮት ብቻ አልነበረም፤ ሽማግሌ ከተቀመጠባት ታፍር ይሆናል ብዬ ነው። የኔታ ፊት ወንበር ላይ ወጡ፤ አማተቡ፤ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል ቀጥ አድርገው ያዙ። እስከ ኮሶዬ አንድ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ግን ሞተር አዳምጣለሁ።

ጉብታዋ ስትመጣ ሳሏም መጣ። የኔታ መቋሚያቸውን ከወለሉ ላይ አንሥተው ማሳረፍ ጀመሩ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ተቆጡ አልኩ በልቤ። ሞተሩ ሲሰበር መቋሚያውም ይቆማል፤ ሞተሩ ሲቀጥል መቋሚያውም ይቀጥላል። በመጨረሻ እሜቴ እንደ ልማዷ ተኩሳ ቆመች።  ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት የኔታ ቀደሙኝና፣ ለመሆኑ ሞተሯ ስንት ድምፅ አለው? ብለው ጠየቁኝ። አራት አልኳቸው።

«አራት ካህናት ማኅሌት ቆመው አንዱ ቢያንቀላፋ ቀዳዳው በየዙሩ ያው ቦታ ላይ ይሰማል፤ ቆጥረህ ትይዘዋለህ» አሉኝ። «እኔ እስከዚህ ድረስ ስቆጥር መጣሁ። ያንቀላፋ የለም። አራቱም ናቸው አብረው የሚደክሙት። እንዲህ ያለው የካህናቱ ጥፋት አይደለም፤ እስትንፋስ አጥሯቸው ነው። ምን ታበላታለህ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ተቀየምኩ። በአበላል እኔን ማን ይጠረጥረኛል? ከኋላ ጣሳውንና ፈትሉን አመጣሁና ላሳያቸው አጠለልኩ። የኔታ ጨርቁን ተቀበሉኝ። በመዳፋቸው አሹት፤ መዳፋቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩት። ነጭ ብናኝ ቃጫ ተጣብቆበታል። ይህን ማን ሰጠህ? አሉኝ። እማማ የሺ አልኩ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ገልመጥ አሉ፤ ሚስታቸው ከዚያ ሆነው የሚሰሟቸው መስሏቸው እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ፣ ጸሐፊ አይደለህም? ለመሆኑ ቀለም በአዲስ ፈትል ያጠልላሉ?» አሉኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የተማርኩት ቁስቋም ደጅ፣ ብራና ጸሐፊዎች ሥር ነው። ቀለም ስንበጠብጥ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር፤ ቀለም የሚጠራው ብዙ ጊዜ በታጠበ አሮጌ ጨርቅ ነው። አዲስ ፈትል ቃጫውን ይለቃል፤ ቃጫው የብርዑ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ብርዑ ይታነቃል። አንድ ፊደል ይጽፋል፣ አንዱን ይዘላል፣ በሦስተኛው ላይ ቀለሙን ዘርግፎ ገጹን ያበላሻል። ለዚህ ጥፋት ተገርፌበታለሁ! የተገረፍኩበትን ትምህርት ከብርዕ ወደ ማኪና ማሻገር ነበር ያቃተኝ። የእሜቴም ቀዳዳ ከብርዕ ስንጥቅ የምትሰፋ አልነበረችም።

እሜቴን በሰው አስገፍቼ፣ የኔታን አድርሼ ተመለስኩ። በማግስቱ አያ ደሴ ቀዳዳዋን ፈተው በመርፌ ሲቆፍሯት ቃጫው ተጠቅልሎ ወጣ። ታንከሩን ሲገለብጡት ደግሞ ከሥሩ አንድ እፍኝ ወጣ። አያ ደሴ በጣልያንኛ ተራገሙ፤ ዕለቱ ዐርብ፣ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላቸው በአማርኛ አስተካከሉት። «ጥጥ ስታጎርሳት ኖረህ እኔን ካንዴላ ታስለውጠኛለህ?» አሉኝ። ምን አባቴ ልበል? የሚስቴ ነፍስ የተንጠለጠለባትን ማኪና በገዛ እጄ ሳንቃት ነው የከረምኩት። ብፈራ አጠለልኩ፤ ባጠለልኩ ቁጥር አነቅኋት፤ ስትታነቅ ይበልጥ ፈራሁ። ይህን ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

ይህን ስነግራቸው የኔታ አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ፤ ለየሺ እንዳትነግራት። ስለ ፈትሏ ኩራት መስሎኝ ፈገግ ልል ስል ዐይኔን አይተው አቆሙኝ። «ልጇን ላድን ብላ የሰጠችው ምን ሊያደርግ እንደነበር ካወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዝም አይነቅዝም አልኩና ዝም አልኩ። አያ ደሴ ለማጥለያ ስስ የፍየል ቆዳ አልፍተው ሰጡኝ። እማማ የሺ ባገኙኝ ቁጥር፣ ማጥለያዬን ትጠቀምበታለህ? ይሉኛል። መቼ ከእጄ ተለይቶ እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ዳቦዬን የምቋጥረው በእሱ ነበር።

ጥሩወርቅ ታኅሣሥ ላይ እናቷ ቤት ገባች። እኔም ከጥምቀት በኋላ ፈቃድ ወስጄ፣ እሜቴን አማቴ ደጅ አቁሜ መጠበቅ ጀመርኩ። ከኅዳር ወዲህ አልሳለችም። ይህ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ሆነብኝ፤ የምትስል ማኪና ቢያንስ ምን እንደምታስብ ትነግርሃለች፤ ዝም ያለችውን ማን ያምናታል? በየጠዋቱ እጅ እነሳታለሁ፤ ትነሣለች፤ አዳምጣታለሁ፤ ምንም። ገበሬው ሁሉ በዚህች ማኪና አንድ ቀን ያብዳል ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እማማ የሺ ከጓዳ ብቅ አሉና፣ ጀምሯታል አሉኝ። ማኖቬላውን አነሣሁ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ተነሣች። ጥሩወርቅና እናቷ ከኋላ፣ የኔታ ከነመቋሚያቸው ከፊት። መንገዱን አላየሁትም ብል ይሻላል፤ የሰማሁት ነው። ጥሩወርቅ ከኋላ ስታቃስት እኔ ጆሮዬን ወደ ኮፈኑ አዘነብላለሁ። በመጨረሻ ጥርሷን ነክሳ «ቆይ፣ የማምጠው እኔ ነኝ ወይስ እሜቴ?» አለችኝ። እማማ የሺ እሜቴን ተዋትና ንዳ ብለው ጮኹብኝ።

ጉብታዋ መጣች። ማርሽ ቀየርኩ። ወጣች፣ ወጣች፤ አፋፉ ላይ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ሳል ሰማሁ። እግሬ ከነዳጁ ላይ ተንሸራተተ። «እኔ ነኝ» አሉ የኔታ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ፤ ከዚያ መቋሚያቸውን ጠቅ፣ ጠቅ እያደረጉ «አይዞህ፤ አራቱም ቆመዋል» አሉኝ። አፋፉን አለፍን። ቁልቁለቱን ስንወርድ እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅሁት መንገዱ ሲደበዝዝብኝ ነው።

ከቀትር በፊት ሴት ልጅ ተወለደች። እናትም ልጅም ደኅና። ነርሷ እጇን እየታጠበች «አንድ ሰዓት ዘግይታችሁ ቢሆን...» ብላ አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልፈለግሁም። ወጥቼ ገና ባልበረደው ኮፈን ላይ ግንባሬን አስደግፌ ብዙ ቆየሁ።

ከሆስፒታል ቁስቋም ቤታችን ገባን። በሦስተኛው ቀን የኔታ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መጡና ግቢው ውስጥ ቆመው ዙሪያውን አዩ። ከዘመድ በቀር ማንም የለም። «ምነው ቤቱ ዝም አለ? ልጅ የተወለደበት አይመስልም!» አሉ። አጥር ላይ ብቅ ያለች ጎረቤት፣ ተኩስ ስላልሰማን አልተወለደም ብለን ነው አለች። ደግሞ ለሴት ልጅ አይተኮስም ብላ ጨመረችበት። የኔታ መሬቱን በመቋሚያቸው መቱት። ለዚህች ይተኮሳል! አሉ። ማን ይተኩስ? እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ እሳቸው ካህን። በቤቱ ጥይት ቀርቶ ቀለሃ የለም። ቀስ በቀስ ሁሉም ዐይኑን ወደ እሜቴ አዞረ።

ሄጄ እጅ ነሳኋት። በመጀመሪያው ዙር ተነሣች፤ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋም አታውቅ። ነዳጁን ረገጥኩ፣ ለቀቅሁ፣ ረገጥኩ። ለስለስ ያለ ድምፅ ብቻ። ሳትጠራ ሰባት የተኮሰች ሴት፣ ሲለምኗት አንዲት ነፈገችኝ! ለስንት ወር ስትተኩስ አትተኩሽ እያልኩ ለመንኳት፤ ዛሬ ተኩሺ ስላት ጨዋ ሆነች። ጎረቤቲቱ አጥሩ ላይ ሆና ትስቃለች።

በዚህ ጊዜ እማማ የሺ ከእልፍኝ ወጡ። በሁለት እጃቸው የታጠፈ፣ አዲስ፣ ነጭ፣ ለስላሳ ፈትል ይዘዋል፤ የፊተኛውን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። ልጄንና የልጅ ልጄን ያዳነችልኝ እሜቴ ናት አሉ፤ የዚያኔው ማጥለያ አርጅቶባታል፤ ሌሊት ሌሊቱን ስፈትል የከረምኩት ለእሷ ነው፤ ድርብ አድርጌዋለሁ፣ አሁንማ ቤንዚኑ እንደ ጠበል ይጠራላታል። ፈትሉን እጄ ላይ አስቀመጡት። ቃጫው በነፋስ ብን ብን ይላል። የምሸሽበት ባጣ የኔታን አየሁ።

የኔታ ጢማቸውን ዳሰሱ። ፈትሉን ነካ አድርገው፣ ዐይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሡ፣ በዜማ ድምፅ ዝግ ብለው «ተቀበላት እንጂ ልጄ» አሉ። «የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው። እስከዚያ በደንብ ካጠለልክበት ተኩሱ ለክርስትናዋ ይደርሳል።»

እማማ የሺ ምርቃት መስሏቸው አሜን አሉ።